ከቺፑዱ ጀርባ የተሰማው ድምፅ

ካዛንቺስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ ለተገብርኤል፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ይህን የጻፍኩት ወጉ ስለሆነ ነው፤ የአማርኛ መምህራችን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በር ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው ይላሉ። ደኅና መሆናችንንና አለመሆናችንን ከታች ያገኙታል።

አስቀድሜ ይቅርታ። ወንድሜ ታዲዎስ በሐምሌ ወር ካረፈ ጀምሮ አንድም መልስ አልጻፍኩልዎትም። ደብዳቤዎችዎ ሁሉ ደርሰውኛል። የገዳሙ ሹፌር ጋሽ ቡዜ አይሱዙውን ስታዲየም ጋ አቁሞ ባስጠራኝ ቁጥር «አክስትህ መልስ ትጠብቃለች» ይለኛል፤ እኔም «ፈተና ላይ ነኝ» እለዋለሁ። በጳጉሜንም ፈተና ላይ ነኝ አልኩት። ጥሩ ሰው ነው፤ በጳጉሜን የሚፈትን ትምህርት ቤት የት አለ ብሎ አልጠየቀኝም።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ በታዲዎስ ቦታ ዲያቆን ልሆን ነው። ማለቴ፣ ሰፈሩ እንዲህ ይላል። እንዴት እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ልንገርዎት።

ታዲዎስ ቅዳሴ ከመግባቱ በፊት የድቁናውን ዜማ ጓዳ ውስጥ ይለማመድ ነበር። እኔ በስልኬ እቀርጽለታለሁ፤ እሱ መልሶ ይሰማውና «ይኼማ ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል። ሁሉንም አጥፍቶ አንዲት ቅጂ ብቻ ቀርታለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓዳ ገብቼ እሷን እከፍታለሁ። እስከ መጨረሻው ግን አልሰማትም፤ ልታልቅ ስትል እዘጋታለሁ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

የእኛን ጓዳ ከእትዬ ሰብሊ ሳሎን የሚለየው አንድ ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምንለው እኛ ነን። አንድ ቀን ቅጂዋን ሰሙ። የሚዘምረው እኔ መሰልኳቸው። ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ወደ እማዬ ሮጡ፦ «ጀማነሽ! የታዲዎስ ድምፅ በአሉላ ላይ አደረ! ልጁን እግዚአብሔር ጠራው!» ከሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ወሬው ግን ታክሲ ሳይጠብቅ እዚያም ደረሰ። በሳምንቱ ታዲዎስን ያስተማሩት መሪጌታ ዘርአይ ቤታችን መጡ። ግንባሬን ስመው «እኔ አዘጋጅሃለሁ። በጥር ንግሥ ሕዝቡ ይሰማሃል፤ ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ይዤህ እሄዳለሁ» አሉኝ።

ለምን እውነቱን አልተናገርክም ይሉኝ ይሆናል። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን እማዬን አየኋት። ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ራት በላች። ከእጇ የማይለየውን መሐረብ አጥባ ሽቦ ላይ አሰጣችው። ሰው እንዲህ ሲበላ እያየሁ «ስልኩ ነው» ማለት አልቻልኩም።

እማሆይ፣ የእኔን ድምፅ ያውቁታል። እግዚአብሔር ሰውን በሌላ ሰው ድምፅ ሊጠራ ይችላል? ምናልባት እነሱ ተሳስተው እሱ ግን አልተሳሳተ ይሆን? እንዴት ይታወቃል?

ልጅዎ አሉላ

ስለ እንቅልፌ የጠየቁኝን ዘልዬዋለሁ። ስለ ሥራ ደግሞ፣ የደብሩ ድምፅ ማጉያ አሁንም እኔ ላይ ነው። ታዲዎስ «ለዛሬ ብቻ ያዝልኝ» ብሎ ሰጥቶኝ እንደያዝኩት ቀረሁ።


ከገዳም፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሉላ ልጄ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልህ። ጉልበቴ ስግደት ሲሆን ያመዋል፣ ማዕድ ሲሆን ይሻለዋል፤ ከእኔ ይልቅ ብልጥ ነው። የጳጉሜን ፈተናህን ስንት አመጣህ?

ሳሙኤል በልጅነቱ በመቅደስ ተኝቶ ሳለ ድምፅ ሰማ። ሽማግሌው ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ ሮጠ። ዔሊም «አልጠራሁህም፣ ሂድ ተኛ» እያለ መለሰው። እሱ የእግዚአብሔር ድምፅ የሰው መሰለው፤ የእናንተ ሰፈር ደግሞ የሰው ድምፅ የእግዚአብሔር መሰለው። ስሕተቱ ያው ነው፣ ተገልብጦ። እግዚአብሔር በበለዓም አህያ አፍ ተናግሯልና በስልክ አይናገርም ብዬ አልምልልህም። ነገር ግን ሳሙኤል የተጠራው «ሳሙኤል» ተብሎ ነው። እግዚአብሔር ሰውን በወንድሙ ስም አይጠራም። በስምህ እስክትጠራ አትሩጥ፤ በስምህ ስትጠራ ደግሞ አትቀመጥ።

እናትህን አትፍራት። ታናሼ ናትና አውቃታለሁ፤ ልጅ ሳለን ከደጅ የሚመጣውን ሰው ሁሉ በኮቴው ትለየው ነበር።

የቅጂዋ መጨረሻ ላይ ምን አለ? አይጠይቁኝ ባትል ኖሮ አልጠይቅህም ነበር።

አክስትህ እማሆይ ለተገብርኤል


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ፣

እንዴት ሰነበቱ? የነቢያት ጾም እንዴት ይዞዎታል? እኛን ሽሮ ይዞናል፤ እስካሁን አለቀቀንም።

ለጥያቄዎችዎ በየተራ፦ አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ የታዲዎስን አልጋ አላነሣነውም፤ እንደተነጠፈ ነው። አዎ፣ መሪጌታ ማስተማር ጀምረዋል። እንዴት እየሆነልህ ነው ላሉኝ ግን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የመጀመሪያ ቀን «በል እስቲ ያችን ድምፅ አውጣት» አሉኝ። ጉሮሮዬን ይዤ «ብርድ መትቶኛል» አልኩ። ዝንጅብል አዘዙልኝ። በሚቀጥለው ጊዜም ብርድ መታኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት። አሁን በአጠገቤ የሚያልፍ ሰው ወጥ እየተሠራ ይመስለዋል። በመጨረሻ ማምለጫ አጣሁና አንዲት ቃል አዜምኩ። መሪጌታ መጽሐፋቸው ላይ አቀርቅረው ነበር። ቀና ሳይሉ «ማነው በሩን የሚያንቋቋው? ዝጉት እንጂ» አሉ። በሩ ዝግ ነበር። ተነሥቼ የተዘጋውን በር ዘጋሁት።

ምልክትም ጠይቄያለሁ። ጌዴዎን ፀምር፣ የበግ ጠጕር፣ ዘርግቶ የለ? እኛ ቤት ፀምር ስለሌለ የእትዬ ሰብሊን አጎዛ «ለትምህርት ቤት ነው» ብዬ ተዋስኩና ቆርቆሮው ላይ አሰጣሁት። ጠዋት አጎዛው ረጥቦ ቆርቆሮው ከደረቀ እሺ ዲያቆን እሆናለሁ አልኩ። ጠዋት ቆርቆሮው ደርቋል። አጎዛው የለም። ሌባ ይሁን ውሻ አላወቅሁም። የክፍሌ ልጅ ሊካሳ «እግዚአብሔርማ መልሶልሃል፤ እኔ አጎዛ አላየሁም ነው ያለህ» አለኝ። ጴንጤም ኦርቶዶክስም ያልሆነ፣ በቃ በሁሉም የሚቀልድ ልጅ ነው። እትዬ ሰብሊ ባገኙኝ ቁጥር «ዲያቆን፣ አጎዛዬ ትምህርቱን አልጨረሰም?» ይሉኛል።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሰዎች መንገድ ላይ «ታዲዎስ!» ብለው ይጠሩኛል፤ ወዲያው ደንግጠው ማልቀስ ይጀምራሉ፤ እኔ ጀርባቸውን እየደባበስኩ «አይዞዎት» እላለሁ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ አልቅሰው ሲጨርሱ «አንተስ ማን ነበር ስምህ?» አሉኝ።

ከጥያቄዎ ጋር አይገናኝም እንጂ፣ እሑድ ስብከት መሃል ማጉያው መጮህ ጀመረ። ማንም ሳይልከኝ ሄጄ የሚያስቸግረውን ገመድ ትንሽ ጠምዘዝ አደረግኩት፤ ጸጥ አለ። ከዚያ የእያንዳንዱን ማይክ ድምፅ ሳስተካክል ምሳ ሰዓት አለፈኝ። አልራበኝምም።

ስለ ቅጂዋ መጨረሻ፦ እዚያ ገዳም የአየሩ ጠባይ እንዴት ነው?

አሉላ


ከገዳም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሉላ ልጄ፣

የአየሩ ጠባይ ብርድ ነው። የቅጂዋ መጨረሻስ?

ጋሽ ቡዜ «ፖስታው በመንገድ ላይ በራሱ ተከፈተ» ብሎኛል። እሱ አስቦበት የደረሰበት፣ አንተ የተጠራኸው ለሹፌርነት ነው። ሁሉም ሰው ጥሪህን ያውቀዋል፣ ካንተ በቀር።

እርስዎስ ጥሪዎን እንዴት አወቁ ብለህ በሕዳግ ላይ በእርሳስ ጽፈህ አጥፍተኸዋል። በእርሳስ የጻፉትን ማጥፋት ከባድ ነው፤ አነበብኩት። እኔ የተጠራሁ የመሰለኝ ሦስት ጊዜ ነው። ደምበል አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ሊያገባኝ የነበረው ሰው ሌላ አገባ። «ዓለም በቃኝ» አልኩ። የበቃኝ ግን ሰውየው እንጂ ዓለም አልነበረም፤ ሐዘኑ ሲበርድልኝ አዲስ ጫማ ገዛሁ። ቆይቶ አንድ ቁጡ አለቃ መጣብኝ። በየቀኑ ገዳም ገዳም ይለኝ ጀመር፤ ሻንጣዬን ሁሉ አዘጋጀሁ። አለቃው ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ጥሪዬም አብሮት ተዛወረ።

ሦስተኛውን ጊዜ ለመሳለም ብቻ ነበር የመጣሁት። አንዲት የታመሙ መነኵሲት ነበሩ፤ ልብሳቸውን የሚያጥብ ጠፋና እኔ አጠብኩት። ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሳሽ፣ ሳላውቀው ስዘምር ራሴን አገኘሁት። ከሰማይ ድምፅ አልመጣም፤ ሳሙና ብቻ ነበር። ግን ማን እንደተወኝ፣ ማን እንደተቆጣኝ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም ነበር። በፊት ከአንድ ነገር እየሸሸሁ ነበር። ያን ቀን ግን ወደ አንድ ነገር ነበር የሄድኩት።

አንተስ ማንም ሳያዝህ ምን ስትሠራ ነው ራስህን የምትረሳው? አጎዛውን ተወው። «ከጥያቄዎ ጋር አይገናኝም እንጂ» ብለህ የጻፍክልኝን ነገር መልሰህ አስበው።

ድቁና ታላቅ ነገር ነው፤ ታዲዎስ በደስታ አገልግሎበታል። ግን የሞተ ሰው ቦታ ክፍት ስለሆነ ብቻ አይገባበትም።

እማሆይ ለተገብርኤል


ካዛንቺስ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ንግሡ ጥር 21 ነው።

አይ፣ ለእማዬ አልነገርኳትም። የታዲዎስን ነጭ ቀሚስ አውጥታ ተኮሰችው። ስለብሰው ረዘመብኝ፤ እንደ መጋረጃ ወለሉን ጠረገው። ልታሳጥረው መርፌና ክር አንሥታ ጫፉን ያዘች። ብዙ ቆየች። ከዚያ መርፌውን መልሳ ሰካችውና «በመቀነት ትሰበስበዋለህ» አለችኝ። እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ቤታችን ፎቶ ቤት መስሏል።

ሊካሳ መላ አምጥቶ ነበር። «ስልክህን ከድምፅ ማጉያው ሞንታርቦ ጋር እናገናኘዋለን፤ ታዲዎስ ይዘምራል፣ አንተ አፍህን ታንቀሳቅሳለህ። ከራስህ ወንድም መዋስ ሌብነት አይደለም» አለኝ። እምቢ አልኩት። ቅዱስ ሆኜ እንዳይመስልዎት፤ ለጥቂት ደቂቃ የትኛው ገመድ እንደሚሆን አስቤያለሁ። ከዚያ ግን ታዲዎስን በሕዝብ ፊት አሻንጉሊት የማደርገው መሰለኝ። እሱ ደግሞ የተበላሸ ነገር ሕዝብ እንዲሰማ አይወድም።

ስለዚህ የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። ወይ በራሴ ድምፅ መዘመር፣ ወይ እማዬን እንደገና ማስለቀስ። ስለ ገመዱ የጻፉልኝን አስቤበታለሁ። እሱ ግን ሥራ ነው እንጂ ጥሪ ነው እንዴ? ለጥሪ ትንሽ የሚያምር ነገር አያስፈልገውም?

ይጸልዩልኝ። ለጋሽ ቡዜም ዕድሜዬ ለመንጃ ፈቃድ እንዳልደረሰ ይንገሩልኝ።

አሉላ


ከገዳም፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሉላ፣

ጋሽ ቡዜ ለንግሡ ጧፍ ይዞ መጥቶ ነበር፤ አይቶሃል። ያየውን ሲነግረኝ መሃል ላይ ይስቃል፣ ይስቅና ዓይኑን ይጠርጋል፤ ስለዚህ ምንም አልገባኝም። በታዲዎስ ቀሚስ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ እግርህ ብቻ ይታይ ነበር ይላል። ከዚያ ድምፅህ ስታዲየም ድረስ ተሰማ ይላል። «ዘመረ?» ብዬ ብጠይቀው «አልዘመረም፤ ተናዘዘ» አለኝ።

እውነት ነው? መሪጌታ ምን አሉ? እናትህስ? ሰላምታ አትጻፍ፣ ጉልበቴንም አትጠይቅ። እናትህ እንዴት እንደሆነች ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

እማሆይ ለተገብርኤል


ካዛንቺስ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማሆይ፣

ሰላምታ አትጻፍ ስላሉኝ ጉልበትዎን አልጠየቅሁም። ግን እንዴት ነው?

እማዬ ደኅና ናት። በዚህ ጊዜ የጻፍኩት ወጉ ስለሆነ አይደለም።

ጋሽ ቡዜ የነገረዎት እውነት ነው፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ላስተካክልልዎት። ታቦቱ ዞሮ ሕዝቡ ተሰብስቦ ቆሟል። እኔ ቀሚሱን በመቀነት ሰብስቤ ደረጃው ላይ ነኝ። መሪጌታ ማይኩን ይዘው «ምእመናን፣ ዛሬ አንድ ደስ የሚል ነገር...» ሲሉ ማጉያው እንደታረደ ነገር ጮኸና ሞተ። መሪጌታ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ሕዝቡ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላል። ያኔ ከሰንበት ተማሪዎች በኩል አንዱ «አሉላ!» ብሎ ተጣራ። ከሴቶች በኩልም «አሉላ የት ሄደ?» ተባለ። በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው፣ ያለ ማይክ፣ በዚያ በሚያውቁት ጉሮሯቸው «አሉላ! ና እንጂ ልጄ!» አሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ታዲዎስ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

አልተቀመጥኩም። ሳሙኤል ትዝ ያለኝ ግን ጠረጴዛው ሥር ከገባሁ በኋላ ነው። ገመዱን ሰው ረግጦ ቆርጦታል። ፕላስቲኩን በጥርሴ ላጥኩት፣ ቀሚሱ በአቧራ ጠቆረ፣ ከላይ ሰው ይንጫጫል። እማሆይ፣ እዚያ ሥር ተኝቼ፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላመመኝም። መዘመር እንዳለብኝም ረስቼው ነበር። የማያምር ነገር ነው፤ ገመድና አቧራ ነው። ለእርስዎስ ሳሙና አልነበር?

ስወጣ መሪጌታ ማይኩን እንደያዙ ጎንበስ ብለው «ተዘጋጀህ?» አሉኝ። እኔም በጆሯቸው እንዲህ አልኳቸው፦ «መሪጌታ፣ እኔ አይደለሁም። እትዬ ሰብሊ የሰሙት ታዲዎስን ነው፤ ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። የእኔ ድምፅ ያን ቀን ዝጉት ያሉት በር ነው።»

በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት። ማጉያውን ግን በጣም ጥሩ አድርጌ ሠርቼው ነበር።

ሊካሳ መስቀል ፍላወር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሰማሁህ ይላል፤ ይዋሻል። ሕዝቡ ግን ሁሉም ሰማ። ከዚያ እትዬ ሰብሊ ከመሃል «ታዲያ አጎዛዬንም የበላው ስልኩ ነው?» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ሳቃቸውም በማይኩ ወጣ። «ይህች ሹክሹክታ እንዲህ ከተሰማች፣ የእኔ ስብከት እስከዛሬ የት ሲቀር ኖሯል?» አሉና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሕዝብ ፊት ሰጡኝ። ከአሁን ወዲያ ማጉያውን ለዛሬ ብቻ አይደለም የምይዘው።

እማዬን መንገድ ላይ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ቤት ስንገባ «እማዬ...» ብዬ ስጀምር አላስጨረሰችኝም።

«አንተ ስታንጎራጉር እኮ ድመቷ ቤቱን ለቃ ትወጣለች» አለችኝ። «ልጄን በድምፁ የማላውቅ መስሎህ ነው? ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ከተናገርኩ ታቆማለህ ብዬ ነዋ። ከሥራ እየከነፍኩ የምመጣው እሱን ለመስማት ነበር። መጋረጃው ጋ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ድቁናውስ?»

«አንተ የፈለግህ መሰለኝ። ካልፈለገ ሰው ያን ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ምን ያበላዋል?»

«እኔ ደግሞ አንቺ የፈለግሽ መስሎኝ!»

ተያይተን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ የመጣውን አልጽፍልዎትም፤ መሐረቡ ግን እንደገና ታጥቧል፣ በዚህኛው ጊዜ የሁለታችንም። ከዚያ እማዬ «መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ለምን ትዘጋዋለህ? እኔም እኮ መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም» አለችኝ።

ለእርስዎም ደጋግመው ስለጠየቁኝ እነሆ። ታዲዎስ ዜማውን ይጨርሳል፣ ያስላል፣ አልጋው ላይ ቁጭ ሲል ይሰማል። ከዚያ «አሉላ፣ እንዴት ነው? ተሰማ?» ይላል። ቅጂዋ እዚያ ላይ ታልቃለች። ያኔ ምን ብዬ እንደመለስኩለት የለም። ለዚህ ነው የምዘጋት፤ ስሜን ጠርቶ ጠይቆኝ መልስ ሳያገኝ የሚቀር ይመስለኛል።

ትናንት የታዲዎስ አልጋ ላይ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ከፈትናት። ከሐምሌ ወዲህ ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ከፍ አድርገው፣ አሉላ» አለችኝ፤ ከፍ አደረግኩት። ዘመረ። ጨረሰ። አሳለ። ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር፤ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«አሉላ፣ እንዴት ነው? ተሰማ?»

«ተሰምቷል» አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ከቺፑዱ ወዲያ እትዬ ሰብሊ «እዚህም ተሰምቷል፣ ልጄ» አሉ።

አሉላ